ለንጉሥ የሚጻፍ መጽሐፍ ከንጉሡ በኋላ ነው የሚመጣው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅዳሜ እትማችሁ በተከታታይ የምታወጡትን ልብ ወለድ ጎንደር ሆነን የምንከታተል ጥቂቶች አይደለንም። ፒያሳ ቡና በምንጠጣበት ቤት አንዱ ጋዜጣ ለአራት ለአምስት ሰው ነው የሚዳረሰው። ደራሲው ከራሳቸው አእምሮ አንድ ትልቅ ግዛት ፈጥረዋል። ባሕር አለው፣ ተራራ አለው፣ ቀረጥ የሚሰበስብ ሹም ሳይቀር አለው። አሪፍ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ በወጣ በማግስቱ ቅዱስ መጽሐፍ ከሰማይ ይወርድለታል። መጽሐፉ «ይህ ሰውና ዘሩ ለዘላለም ይግዙ» ይላል። ሕዝቡ ይሰግዳል። አለቀ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የሚያነሳው ሰው የለም።

ኧረ በፍጹም! እንዲህ ቀላል ቢሆንማ ማን ጦር ይቀልብ ነበር?

ልብ ወለድ ነው፣ አንተ ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ የጎንደር ሰው ስለሆንኩ ነው። እኛ የምንኖረው በአንድ መጽሐፍ ስም ነገሥታት ሲሾሙና ሲሻሩ በኖሩበት ከተማ ነው። ስለ ክብረ ነገሥት ነው የማወራው፣ የነገሥታቱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ስለሚቆጥረው መጽሐፍ። ደራሲው እሱን ቁጭ ብለው ቢያነቡት የእሳቸው መጽሐፍ ምን እንደጎደለው ራሳቸው ያዩት ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቀድሞ አይመጣም። ይኩኖ አምላክ ዛጉዬዎችን ጥሎ የነገሠው እ.ኤ.አ. በ1270 ነው። ክብረ ነገሥት ዛሬ በምናውቀው መልኩ በግዕዝ የተዘጋጀው ግን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአክሱሙ ይስሐቅና በባልደረቦቹ እጅ ነው። የንግሥተ ሳባ ወሬ ከዚያ በፊትም ነበር፣ እሱ አይካድም። ዙፋኑን ከዚያ ዘር ጋር አስሮ የሚያስቀምጠው ድርሰት ግን ዙፋኑ ከተያዘ በኋላ ነው የደረሰው። ስለዚህ የዘገየበትን ምክንያት መናገር ነበረበት፣ ተናግሮታልም። መጨረሻው ላይ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ ይላል። ታዲያ ለምን እስከዛሬ ግዕዝ ሳይሆን ቀረ ብሎ ለሚጠይቅም መልስ አዘጋጅቷል። ዐረብኛው የወጣው በላሊበላ ዘመን ነው፤ መጽሐፉ ከእስራኤል ወገን ያልሆነ ሰው መንገሡ ሕግ መተላለፍ ነው ስለሚል ዛጉዬዎቹ ሳያስተረጉሙት ቀርተው ይሆናል ይለናል። አያችሁ ብልጠቱን? መዘግየቱን ራሱን በተሸነፉት ላይ ምስክር አደረገው። ምስክር ሲጠራም ከቤቱ አይጠራም። የዓለም መንግሥት ለሮምና ለኢትዮጵያ ነገሥታት እንደሚገባ በሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ከመጻሕፍቱ መካከል አገኘሁ የሚለው የሮም ሊቀ ጳጳሳት ነው።

ሌላው፣ የደራሲው ቅዱስ መጽሐፍ በጣም ጨዋ ነው። ንጉሡ ንጹሕ፣ አባቱ ንጹሕ፣ አያቱ ንጹሕ። ማን ያምናል? ክብረ ነገሥት ውስጥ ያለውን እራት አስታውሱ። ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ሆን ብሎ ቅመምና ኮምጣጤ የበዛበት ምግብ ያቀርባል። ከዚያ ይማማላሉ። እሱ በግድ ላይነካት፣ እሷ ከቤቱ አንዳች ነገር ላትወስድ። በመካከላቸው ውሃ ይቀመጣል። እሱ የተኛ መስሎ ያደባል። ሌሊት ጉሮሮዋ ሲደርቅባት ቀስ ብላ ተነስታ እጇን ወደ ውሃው ትዘረጋለች፣ እሱም እጇን ለቀም ያደርጋል። ውሃ መጠጣት መሐላ ያፈርሳል ወይ ስትለው፣ ከሰማይ በታች ከውሃ የሚበልጥ ምን አየሽ ብሎ ይመልስላታል። ሥርወ መንግሥቱ የተጀመረው በዚህች ሌሊት ነው እንግዲህ! ታቦተ ጽዮንንም የሚሰርቋት የካህናቱ ልጆች ናቸው፣ ከዚያች ሌሊት የተወለደው ምኒልክ እንኳ ነገሩን የሰማው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው። ማታለልና ስርቆት ያለበት ታሪክ ነው፣ ግን ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ልጅ ሆኜ ከአያቴ የሰማሁትም ይህችኑ የውሃ ነገር ነው፣ ስለ ነገሥታት ክብር የተጻፈው ረጅም ስብከት አንዱም አልደረሰኝም።

ዋናው ጉዳዬ ግን መጽሐፉ ከተጻፈ በኋላ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ደራሲው ዙፋኑን ለዘር ሰጡና ገላገልኩ አሉ። ዘር ግን ይበዛል። ሚስት ብዙ፣ ልጅ ብዙ፣ የልጅ ልጅ ብዙ፣ ሁሉም ባለ መብት። ጎንደር ላይ መፍትሔው ምን ነበር? ወህኒ አምባ። ከአፄ ፋሲል ጀምሮ ወንዶቹን የንጉሥ ዘሮች እዚያ ገደል አናት ላይ ሰቅሎ ማስጠበቅ። ንጉሥ ሲሞት አንዱን ማውረድ፣ ሌሎቹን እዚያው መተው። አፄ በካፋም ከዚያ ወርደው ነው የነገሡት። ቤተ መንግሥቱን ለማየት የሚመጣ ቱሪስት የፋሲልን ግንብ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ አምባውን ግን ማን ያስታውሰዋል? ለእኔ የግንቡና የአምባው ታሪክ አንድ ነው። ደራሲው ይህን ቢጨምሩበት ሦስት ምዕራፍ ያወጣላቸዋል።

ደግሞ መጽሐፉ ንጉሡን ብቻ አይደለም የሚያስረው፣ ንጉሡን የሚያሸንፈውንም ያስራል። ራስ ሚካኤል ሥዑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን አስገደሉ። ጦሩ የእሳቸው፣ ከተማው የእሳቸው። ዘውዱን ግን አልደፉትም፣ ከዚያው ከዘሩ ሌላ ፈልገው አስቀመጡ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት የየጁ ራሶችም እንደዚያው። ንጉሡ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ከስሙ በቀር ምንም በሌለበት ዘመን እንኳ «እኔ ልንገሥ» ለማለት ጉልበት ብቻውን አልበቃም።

ታዲያ ይህን ማን ሰበረው? የቋራው ካሣ። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚያሽሟጥጡት ሰው። እሱም ቢሆን መጽሐፍ ሳይዝ አልመጣም፤ ይዞት የመጣው ሌላ መጽሐፍ ነው እንጂ። ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ይላል። ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭን ያንን ስም ወሰደ። የዘር ሐረጉም ቢሆን ቆይቶ ወደ ሰሎሞን ተቆጥሮለታል፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ዋናው ነገር አንዱ መጽሐፍ በሩን ሲዘጋበት በሌላው መጽሐፍ መግባቱ ነው። የደራሲው ግዛት ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ያለው። ሽፍታው በምን ይሟገት? በሰይፍ ብቻ? እሱማ ወንበዴ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ነበሩ፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ጭነው ሲወስዱ ብዙው አብሮ ሄደ። (ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል።) መቅደላ ከተወሰዱት መካከል አንድ ክብረ ነገሥትም ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ለንደን ደብዳቤ ጽፈው፣ ያለ እሱ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበልም ብለው ጠየቁ፣ ተመለሰላቸውም። ደብዳቤው ላይ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም እዚያ ውስጥ እንዳለ ይናገራል። እኛ አገር የብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ርስትና ጉልት ይጻፍበት ነበር። ማን የትኛውን መሬት እንደተሰጠ፣ ማን ምስክር እንደነበረ፣ ያፈረሰ የተረገመ እንዲሆን። ስለዚህ መጽሐፉን የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ አይደለም፣ ማሳው በመጽሐፉ የተመዘገበለት ደብር ሁሉ ነው። መጽሐፉ ውሸት ነው ብለህ ብትነሳ የምትጣላው ከዙፋኑ በፊት ከጎረቤትህ ጋር ነው።

ያ ትረካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የአፄ ኃይለ ሥላሴን ዘር ሳይቋረጥ እስከ ንግሥተ ሳባና ሰሎሞን ልጅ ድረስ ይቆጥራል። 20 ዓመት ሳይሞላው መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፣ የተነበበባቸው ጽሑፍ ግን ስለ ሰሎሞን ለመከራከር አልደከመም።

ደራሲውን የምጠይቃቸው ይህንን ነው። መጽሐፉን ከሰማይ ከማውረድ በአንድ አሮጌ ግምጃ ቤት ያስገኙት፣ ያውም በባዕድ አገር። ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው ይንገሩን። ያቺ በስምንተኛው ክፍል ከገዳም ያባረሯት መነኩሲትም ትመለስልን። እሷ የሆነ ነገር ተሸክማ ነበር የወጣችው፣ ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገሩንም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር አዘዞ