ሜዳዩን ከወረቀቱ አትለዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተሰዉ ወታደሮች ሜዳይ ከማስረጃው ተነጥሎ ሲሸጥ ማየት ያንገበግበኛል። ወንድሜ በግዳጅ ላይ ተሰውቷል፤ ሜዳዮቹን፣ የማዕረግ ምልክቶቹንና የሹመት ደብዳቤዎቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ብሪታንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሰጠችው የድል ሜዳይ ጠርዝ ላይ የወታደሩ ቁጥር፣ ማዕረግና ስም ተቀርጾበታል። በሁለተኛው ጦርነት የሰጠቻቸው ግን አብዛኞቹ ስም የላቸውም፤ ወረቀቱ ከጠፋ የማን እንደነበሩ የሚናገር የለም።

ቤተሰቦች ሆይ፣ እባካችሁ ሜዳይ አትወልውሉ። ማጽጃው ብረቱን በጥቂት በጥቂቱ እየፋቀ የተቀረጸውን ስም ይወስደዋል። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልታብለጨልጨው ስትነሳ እጇን እይዛለሁ፤ ትቆጣኛለች፣ ትቆጣ። ሪባኑም ፀሐይ ካገኘው ይደበዝዛል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ፎቶግራፉ ነው። ወንድሜ በምልምልነቱ በተነሳው ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ልጆች ትከሻውን አቅፈው ቆመዋል፤ አንደኛው መለዮው ወደ ግራ ጆሮው ወርዷል። ስማቸውን የሚነግረን አላገኘንም። ጓዶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቁና ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ምስሉ ሊያልፍ ይችላል።

ጋዜጣችሁም ጡረታ የወጡ ወታደሮች እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎችን አይተው ጓዶቻቸውን የሚለዩበት አንድ አምድ እንዲከፍት አጥብቄ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ እኔ እልካለሁ።

የተሰዋ ወታደር እህት