ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህራን

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች።

የዚህ ሳምንት ትምህርታችን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ነው። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ተገርፈው ታሰሩ። በእኩለ ሌሊትም ዘመሩ። ልጆቹ ይህን ይወዱታል። እኔ ግን ከመዝሙሩ ይልቅ ቀጥሎ ያለውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ምድር ተናውጦ የወህኒው በር ሲከፈት አልሮጡም። የወህኒ ጠባቂው እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን ሲመዝ፣ ጳውሎስ ጮኾ አስቆመው። እግራቸውን በግንድ ያጣበቀው ያው ሰው ነው እኮ! በዚያው ሌሊት ቁስላቸውን አጠበ፤ ከነቤተሰቡም ተጠመቀ።

እኛስ አከራይ ኪራይ ሲጨምር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሲቀድመን ከአፋችን ምን ይወጣል? ልጆቹ ያዩናል። ከክፍል ውጭ ደግሞ ይበልጥ ያዩናል። ስለ ትዕግሥት አስተምረን ስንወጣ ዘበኛውን ብናመናጭቅ፣ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ይህንኑ ነው።

ፈተና የከበደበት ካለ ብቻውን አይሸከም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ክፍል ሳንገባ፣ ለግማሽ ሰዓት ተገናኝተን እንጸልይ። ከመካከላችን የታመመ ወይም ሥራ ያጣ ካለ ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ አብረን ሄደን እንጠይቀዋለን።