ደብተሩን መለስኩላት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

ባለፈው እዚህ በነበርሽ ጊዜ ስልኬ ላይ አንድ ሰው «ቶሎ ቶሎ!» እያለ ሲጮህ ሰምተሽ «ማነው እሱ? ምን ሆኖ ነው የሚያጣድፍሽ?» ብለሽኝ ነበር። እኔም ስልኩን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ስወጣ ሌላ ወሬ ጀመርኩ። በማግሥቱ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ። ያኔ ዝም ያልኩት ልደብቅሽ ፈልጌ አይደለም፤ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

ሰውየው እያጣደፈኝ አልነበረም። ስሜን ነው የጠራው። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ክፍሉ በሙሉ የሚጠራኝ «ቶሎ ቶሎ» ብሎ ነበር። ወሬ ስጀምር ቃላቱ እየተደራረቡ ስለሚወጡ መምህራኑ ሳይቀሩ «ቀስ በይ ልጄ፣ ማንም አይቀማሽም» ይሉኝ ነበር። ይህን ስታነቢ ግራ እንደሚገባሽ አውቃለሁ። አንቺ የምታውቂያት እናትሽ እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብላ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ፣ ስልክ ላይ እንኳ ከአምስት ደቂቃ በላይ የማታወራ ሴት ናት። ከ31 ዓመት በኋላ በዚያ ስም ስጠራ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ደነገጥኩ። ያቺን ልጅ ጨርሼ ረስቻት ነበር። እነሱ ግን ድምፅዋን ሳይቀር አስቀምጠውልኝ ኖረዋል።

የተገናኘነው በቴሌግራም ነው። ቡድኑን የከፈተው ያን ጊዜ የክፍላችን አለቃ የነበረው ልጅ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ ስለኖረ መዝገቡ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቷል። የ52ታችንንም ስም በተራ ጽፎ ለቀቀው። የተገኘ ሰው ሲገባ ሌላ ነገር ከማለቱ በፊት ከስሙ ጎን «አቤት» ብሎ ይጽፋል። በሦስት ወር ውስጥ 38 «አቤት» ተሰበሰበ። አንዳንዱ ሌሊት ነው የሚገባው፣ የሚኖርበት ሰዓት ከኛ ስለሚለይ፤ እኔም ከእንቅልፌ ነቅቼ ማን እንደተጨመረ አያለሁ። አምስቱ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከእነሱ ስም ጎን ምንም አልተጻፈም፣ ግን ማንም ከዝርዝሩ ላውጣቸው አላለም። ስምንቱን እስካሁን እየፈለግን ነው። አንዱ ደግሞ ተገኝቶ «አቤት» አላለም። ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን የክፍላችን ፎቶ ተለቀቀ። ሦስት ረድፍ፤ የፊተኞቹ በርከክ ብለው፣ የኋለኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆመው። ስልኬን ዓይኔ ሥር አድርጌ ፊት በፊት እየሄድኩ ሁሉንም አወቅኳቸው። ይሄ ከኋላ ወንበር የማይጠፋው ነው፣ ይቺ ሒሳብ የምታስረዳን ናት፣ ይሄ ዩኒፎርሙ ሁልጊዜ እጅጌው የሚያጥረው ነው። ስማቸውን ልጥራ ስል ግን ከግማሹ በላይ ጠፋኝ። እርጅና መጣ ብዬ ከፋኝ። ሥነ ልቦና ስትማሪ መደርደሪያ ላይ ትተሽው የሄድሽውን ወፍራም መጽሐፍ ያወረድኩት ያን ማታ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃሪ ባሪክ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመውን ጥናት እዚያ አገኘሁት። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ 392 ሰዎችን በትምህርት ቤታቸው የፎቶ መጽሐፍ ፈትኗቸዋል። ከጨረሱ 35 ዓመት ያለፋቸው እንኳ ከ10 የክፍል ጓደኞቻቸው ፊት 9 ያህሉን ይለያሉ። ያለ ምንም ፍንጭ ስም ጥሩ ሲባሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዓመታት ብዛት እየሳሳ ይሄዳል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሰው ካረጀ በኋላ ወደ ኋላ ሲያስብ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለው ዘመን ከሌላው በልጦ ጎልቶ እንደሚመጣለት ተጽፏል። ከሥሩ በእርሳስ አስምረሽበታል። የ20 ዓመት ልጅ ሆነሽ ይህን ስታሰምሪ ምን አስበሽ ነበር?

ሦስት ወር ከተጻጻፍን በኋላ በአካል ተገናኘን። 27 ሰው መጣ። ሰው ፀጉሩ ይሸብታል፣ ይወፍራል፣ ይከሳል፤ ድምፅ ግን እንዳለ ነው የሚቀመጠው። አንድ መነጽር ያደረገ ራሰ በራ ሰው ገብቶ በር ላይ ቆመ። ማንም አላወቀውም፤ እሱም እኛን እያየ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ የተናገረችው ነገር አሳቀው፤ ሳቁን እንደሰማን ሁላችንም ባንድ ጊዜ ስሙን ጠራን። ያን ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አየሁት።

እንዲህ ስጽፍልሽ ሁሉም ጥሩ ብቻ የነበረ እንዳይመስልሽ። ያ «አቤት» ያላለው ልጅ ትምህርት ቤት ሳለን በአካሉ የወጣለት ቅጽል ስም ነበረው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም፤ ግን ጠርቼዋለሁ። አለቃችን ሲደውልለት በትሕትና ነው ያናገረው፤ «እናንተ የምትስቁበትን ዘመን ለመርሳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አታውቁም፤ እባካችሁ ተዉኝ» አለው። ቡድኑ ውስጥ ይህ ሲነገር አንዳንዱ «ልጅነት ነው እኮ፣ እስከ ዛሬ ይያዛል?» አለ። በጣም ተቆጣሁ። ተጠሪው ያልሳቀበትን ነገር የጠሪዎቹ ልጅነት ያቀለዋል? እኔ ለብቻው ጻፍኩለት። ና አላልኩትም፣ ምክንያትም አልደረደርኩም፤ በዚያ ስም እንደጠራሁትና ይቅርታ እንደምጠይቀው ብቻ ነው የጻፍኩት። አንብቦታል፤ ምልክቱ ይታያል። አልመለሰልኝም። መመለስም የለበትም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላባትሽም።

አራት ዓመት ከአንዲት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ተጋርተን ነው የተማርነው፤ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል። የመጨረሻው ፈተና ሊደርስ ሲል የፊዚክስ ደብተሯን ዓርብ ተዋስኳት፤ ቅዳሜ ልመልስላት። እየገለበጥኩ ቅዳሜ አላለቀልኝም፤ እሑድም ሳልሄድ ዋልኩ። ሰኞ ስደርስ ፈተናው ሊጀመር ነው። ስንወጣ ዓይኗ ደም መስሎ አየሁት። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ማውጣት አቃተኝ። በኔ ምክንያት ወደቀች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸሸኋት። ሁለት ጊዜ ቤታችን መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ እህቴን «የለችም በያት» ብዬ ላክኋት። ከዚያ ሁላችንም ተበተንን። ደብተሩን ግን አልጣልኩትም። አንዴም ሳልገልጠው፣ ቤት በቀየርን ቁጥር ከልብስ ሥር እየከተትኩ 31 ዓመት ይዤው ዞርኩ።

የተገናኘን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሄድኩ። ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «የትኛው ደብተር?» አለችኝ።

ጨርሶ አታስታውሰውም። «ፊዚክስ? ፊዚክስ እኮ ጥሩ ነበር ያመጣሁት» አለች። ዓይኗ የቀላው አባቷ ታሞ ሌሊቱን ስታስታምም አድራ ስለመጣች ነው። በዚያው ወር አረፈ። ቤታችን ሁለት ጊዜ የመጣችው ደብተር ፍለጋ አልነበረም፤ የምታዋየው ሰው አጥታ ነው። እህቴ በር ላይ «የለችም» ስትላት የኔ ድምፅ ከውስጥ ይሰማት ነበር። «ድምፅሽን ሰማሁት እኮ፤ ቀስ ብለሽ ማውራት አትችዪም ነበር» አለችኝ።

ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት ሙሉ ስጸጸት የኖርኩት ባልጎዳኋት ነገር ነው። የጎዳኋትን አላውቀውም ነበር። ከመጽሐፍሽ ውስጥ እንግሊዛዊው ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ያለውን አንብቤ ነበር፤ ትዝታ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን ባስታወስነው ቁጥር እንደ አዲስ የምንሠራው ነገር ነው ይላል። ሳነበው የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ በእውነት የገባኝ ግን እሷ ፊት ቆሜ ነው። እኔ ብቻዬን ሆኜ ደብተሩን በመሐላችን ስሠራው፣ እሷም ብቻዋን ሆና ያን የተዘጋ በር ስትሠራው ኖረናል። አንድ ጊዜ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ብናወራ የሁለታችንም ይስተካከል ነበር። ያቺ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ልጅ ያኔ ነው ዝም ያለችው ልልሽ አልችልም፤ ከዚያ በኋላ የደረሱብኝን ነገሮች አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ያን ዕለት ማታ ከእሷ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት አወራሁ፤ መሐል ላይም «ቀስ በይ» አለችኝ።

የኔን ነገር ይህን ያህል የዘረዘርኩልሽ ያንቺ ነገር ስላሳሰበኝ ነው። በልደትሽ ቀን ስለጻፈችልሽ ጓደኛሽ ነግረሽኝ ነበር፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያልተለያያችሁት። «ያኔ ሥራ በዝቶብኝ ሳልመልስላት ቀረሁ፤ አሁንማ ስምንት ወር ሆነው፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ምን ታስበኛለች?» ነበር ያልሽኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ከ5,900 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አንብቤያለሁ። ሰው ከራቀው ወዳጁ ጋር ለመገናኘት መልእክት ሲልክ፣ ያ ወዳጁ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አሳንሶ ነው የሚገምተው። ተቀባዩ ያልጠበቀው ሲሆን ደግሞ ደስታው ይበልጣል። አንቺ ስምንት ወር ማለፉ የሚያሳፍርሽ መስሎሽ ነው፤ እሷ ዘንድ ግን ያንኑ ያህል ያልተጠበቀ ነው የሚሆነው። ረጅም ይቅርታ አትጻፊ። እኔ ለዚያች ጓደኛዬ በልቤ ስንት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልጠቀመኝም። አንድ የምታውቁትን ነገር አንሺባትና ጻፊላት። የዘጠነኛ ክፍሉን የዝናብ ቀን፣ ጫማችሁን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ በባዶ እግራችሁ የመጣችሁበትን። እሷ ደግሞ ሌላ ዓይነት አድርጋ ታስታውሰው ይሆናል፤ ትንገርሽ።

ደብተሩን ሰጠኋት። ልክ እንዳኖርኩት ነው፤ ሽፋኑ ቡናማ ወረቀት፣ ጠርዙ እንደተላጠ፣ ስሟ በሰማያዊ እስክሪብቶ። በሳምንቱ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ክፍል ውስጥ ድምፅ ማውጣት ስለማይቻል ገጹ ዳር ዳሩን በእርሳስ አውርተናል። «ስንት ደቂቃ ቀረ?» «12» «እንቅልፌ መጣ» «አየሽ፣ አየን» «አላየንም» ይላል። ከዚህ በታች ደግሞ ሁለት መስመር አለ። አንዷ «ስናረጅም አጠገቤ ትቀመጫለሽ?» ብላለች። ሌላዋ «ቦታ ከያዝሽልኝ» ብላ መልሳለች።

በዚህ ተጣልተናል። እሷ ጥያቄው የኔ ጽሕፈት ነው ትላለች፤ እኔ የሷ ነው እላለሁ። ያን ጊዜ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነበር የምንጽፈው፤ እርሳሱም አንድ ነው። ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ። የ«ጠ»ንና የ«ቀ»ን አጣጣሌን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ደህና አድርገሽ እዪውና የጠየቀችው የትኛዋ እንደሆነች ንገሪን።

የምትወድሽ እናትሽ