የሥነ ፈለክ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ከምድር ውጪ ሕይወት ቢገኝ ለእምነታችን ምን ማለት ነው?

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም.፣ በሰሙነ ሕማማት መካከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዜና ወጣ። በፕሮፌሰር ኒኩ ማዱሱዳን የሚመራው ቡድን ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት በምትርቀው ኬ2-18ቢ በተባለች ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ የዳይሜቲል ሰልፋይድ ጋዝ ምልክት ማየቱን አስታወቀ። ይህን ጋዝ በምድራችን በብዛት የሚያመነጩት በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ዜናው በቴሌግራም ሲዞር ከርሞ ወደ ክበባችን የደረሰው «ሕይወት ተገኘ» ተብሎ ነው። ከፋሲካ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ስብሰባ ግን ስለ ጋዙ የጠየቀ አልነበረም። የተነሣው ጥያቄ «ጌታ የሞተው ለእነሱም ነው?» የሚል ነበር። ወዲያው ደግሞ «ቁርኣንስ ስለ እነሱ ምን ይላል?» የሚል ተከተለ።

ሁለቱም ጥያቄዎች የልብ ጥያቄዎች ናቸው፤ በሳቅ ወይም በቁጣ ሊታለፉ አይገባም። ነገር ግን ከእነሱ በፊት የሚመለሱ አሉ፦ የታየው ምንድን ነው? በምን ታየ? ምን ያህልስ ይታመናል? ክበቡ ከጥቅምት ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ይህንኑ ስለነበር አባላቱ ዜናውን ለመመርመር ባዶ እጃቸውን አልነበሩም።

በመጀመሪያው መንፈቅ የሠራነው ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚቀንስ መለካት ነው። የሚያስፈልገው 15 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ነጭ የመብራት ግሎብ፣ በውስጡ የሚገባ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ አምፖል፣ በቀጭን ክር የተንጠለጠለ 3 ሴንቲሜትር ጥቁር ኳስ እና የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ የተጫነበት ስልክ ነው። ግሎቡ የኮከቧ፣ ኳሱ የፕላኔቷ ምሳሌ ነው። ስልኩ ከግሎቡ 2 ሜትር ርቆ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። 3 ለ15 ሲካፈል 0.2 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.04 ይሆናል። ስለዚህ ኳሱ ሲያልፍ ብርሃኑ በ4 በመቶ መቀነስ አለበት።

በተግባር ግን 4 በቀላሉ አይገኝም። ኳሱ ከግሎቡ መሃል 20 ሴንቲሜትር ወደ ስልኩ ቀርቦ ከተንጠለጠለ ንባቡ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ ለስልኩ የቀረበ ነገር ከመጠኑ በላይ ይጋርዳልና። ኳሱ ግሎቡን ሊነካ እስኪቃረብ ማስጠጋት፣ ስልኩንም ወደ 4 ሜትር ማራቅ ንባቡን ወደ 4.2 በመቶ ያወርደዋል። ነገር ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ መሆን ይኖርበታል። ነጭ ግድግዳ ሌላው ችግር ነው፤ ከግድግዳው የሚንጸባረቀውን ብርሃን ኳሱ ስለማይጋርደው ቅናሹ ከ4 በታች ሆኖ ይነበባል። ከግሎቡ ጀርባና በጎኖቹ ጥቁር ጨርቅ መጋረድ ይበቃዋል። ባትሪ የመረጥነውም በምክንያት ነው፤ የኮረንቲው ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የምንፈልገውን ያህል ለውጥ ራሱ ይፈጥራል።

መሬት በፀሐይ ፊት ስታልፍ የምትቀንሰው ብርሃን 0.008 በመቶ ብቻ ነው። ኬ2-18ቢ ከመሬት 2.6 እጥፍ ስለምትሰፋና ኮከቧም ትንሽ ስለሆነች 0.3 በመቶ ያህል ትቀንሳለች፤ የኮከቧ ብርሃን በፕላኔቷ ከባቢ አየር ሲያልፍ የሚታየው የጋዙ ምልክት ደግሞ ከዚያም ውስጥ እጅግ ትንሿ ክፍል ናት። ቡድኑ ራሱ የገለጸው እርግጠኝነት ሦስት ሲግማ ነበር። ጋዙ ጨርሶ ባይኖር እንኳ የመለኪያው ውዥንብር ብቻውን እንዲህ ያለ ምልክት የሚሰጥበት ዕድል 0.3 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ግኝት ለማለት በተለምዶ የሚጠየቀው አምስት ሲግማ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ መርምረው ማስረጃው አይበቃም ብለዋል። ጋዙ ሕይወት ይኖርበታል ተብሎ በማይታሰበው 67ፒ በተባለው ጅራታም ኮከብ ላይም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቧል።

የጋዝ ምልክት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ይበልጥ ያሳየው ግን የሦስቱ ብርጭቆዎች ሙከራ ነው። በእያንዳንዱ ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ታጥቦ የደረቀ አሸዋ ይደረጋል። በአንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በሁለተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ በሦስተኛው ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይደባለቃል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለተመልካቾቹ አይነገርም። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ስኳር የሟሟበት 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር በየብርጭቆው ይፈስሳል። ቤኪንግ ፓውደሩ ወዲያው ይንፈቀፈቃል፤ ተመልካቹ ሁሉ ጣቱን ወደዚያ ይቀስራል። በጥቂት ደቂቃ ግን ጸጥ ይላል። እርሾው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቆይቶ አረፋው አንድ አንድ እያለ ይወጣና እየጨመረ ይሄዳል። ሕይወት ያለው ይኸኛው ነው። ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ እርሾው ይሞትና ሕያው የነበረው ብርጭቆ «በድን» ተብሎ ይመዘገባል። በብርዳም ጠዋት ውሃው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ብርጭቆዎቹን ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማቆም ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሁለቱ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች በማርስ ላይ የገጠማቸው ይኸው ነበር። አፈሩ ላይ ምግብ ያለበት ፈሳሽ ሲጨመር ጋዝ ወዲያው ወጣ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጨመር ግን አዲስ ጋዝ አልወጣም። ብዙዎቹ ሊቃውንት የአፈሩ ኬሚካል ነው ወደሚለው አዘነበሉ።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ዳሎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን በዳሎል ፍል ውሃዎች እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ ሲል፣ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳምና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ፤ ነፋስና ጎብኚም ከሌላ ቦታ ተሕዋስያን ያመጣሉ። በእጃችን ባለው ኩሬ እንዲህ ከተከራከርን፣ በ124 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ መቸኮል ተገቢ አይመስለኝም።

ወደ እምነቱ ጥያቄ የገባነው ከዚህ በኋላ ነው። በግንቦት አንድ መሪጌታና አንድ ኡስታዝ ተጋብዘው ነበር። «ሳይንስ ወይስ ሃይማኖት» የሚል ክርክር እንዳይሆን አስቀድመን ተስማምተናል፤ እንዲህ ያለ ርዕስ አሸናፊና ተሸናፊ ይፈልጋል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም።

መሪጌታው የጀመሩት «ረቂቅ» ከምትለው ቃል ነው፤ የዓመቱን ትልቁን መደናገር የፈታችውም እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን በኢዮር፣ በራማና በኤረር ያሉ መላእክት ረቂቃን ናቸው ስትል ሥጋ የላቸውም ማለቷ ነው። «ረቂቅ ተሕዋስያን» ስንል ግን ትንሽነታቸውን ነው፤ በሥነ ፍጥረት ትምህርት ባክቴሪያ ግዙፍ፣ ማለትም አካል ያለው፣ ፍጥረት ነው። እንግዲህ ቴሌስኮፕ መላእክትን አይፈልግም፤ መላእክት መኖራቸውም በኬ2-18ቢ ባክቴሪያ አለ ወይም የለም አያሰኝም። ሰው ብቸኛው አዋቂ ፍጥረት ነው የሚል ትምህርት ግን በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ቀድሞም አልነበረም።

ኡስታዙ ሱረቱ አሽ-ሹራ 29ኛውን አንቀጽ አነበቡ፤ አላህ በሰማያትና በምድር ተንቀሳቃሽ ፍጡራንን መበተኑን ይናገራል። ከቀደምት ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተርጓሚዎች) በሰማይ ያሉት መላእክት ናቸው ያሉ እንዳሉም አልደበቁም። በ12ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የእስልምና ሊቅ ፈኽሩዲን አር-ራዚ፣ ዓለም አንድ ብቻ ነው የሚለውን የአርስቶትል ተከታዮች ሐሳብ ተቃውመው አላህ ብዙ ዓለማትን መፍጠር ይችላል ብለዋል። በአውሮፓም የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፕዬ እ.ኤ.አ. በ1277 «እግዚአብሔር ብዙ ዓለማትን መፍጠር አይችልም» የሚለውን አነጋገር አውግዘዋል። ሁለቱም የተነሡት ለፈጣሪ ችሎታ ወሰን እንዳይበጅለት ነው።

«ለእነሱም ሞቷል?» የሚለውን ጥያቄ የፍራንሲስካውያን መነኩሴው ዊልያም ቮሪሎንግ በ15ኛው መቶ ዘመን አንሥተውታል፤ በዚህ ምድር የተፈጸመው ሞት ሌሎች ዓለማትንም ሊያድን ይችላል፣ በሌላ ዓለም ዳግመኛ መሞት ግን አይገባውም ብለዋል። ይህ የአንድ ካቶሊካዊ መምህር አስተያየት እንጂ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ውሳኔ አይደለም፤ መሪጌታውም ይህንኑ አስምረውበታል። ጥያቄው በክበቡ መዝገብ ላይ ክፍት ሆኖ ተጽፏል።

ለመጪው ዓመት አንድ የምሽት ምልከታ ታቅዷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 «ቡና» ብላ የሰየመችው ኮከብ በአንድሮሜዳ ክልል ይገኛል፤ የምትዞረው ግዙፍ ፕላኔት ስም «አቦል» ነው። ኮከቡ በዓይን አይታይም፤ 7 በ50 ወይም 10 በ50 ባይኖኩላር ይበቃል። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ኤም34 የተባለውን የከዋክብት ክምችት መፈለግ፣ ከዚያ ባይኖኩላሩን ሳያነቃንቁ በስተምዕራብ ጥቂት ከፍ ብሎ ማየት ነው። አቦል ራሷ አትታይም። ባይኖኩላሩ በትሪፖድ ላይ ካልታሰረ ኮከቡ ይርገበገብና ከጎረቤቶቹ አይለይም፤ ለክበቡ የጎደለን ትሪፖዱ ነው።