አንድ ዓይና ፈረስ ከአስፋልት ይውጣ፣ ከጋጣው ግን አይባረር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ስለሚንከራተቱ ፈረሶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ፈረሶቹ ለተሽከርካሪ አደጋ መንስኤ መሆናቸውን በሚገባ ቢገልጹም፣ ለምን እንደተጣሉ ግን ሳይነኩት አልፈዋል። እኔ የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ ነው። በአካባቢያችን ባጃጅ ከተስፋፋ ወዲህ የጋሪ ገበያ በመቀዝቀዙ፣ ፈረሱ ጥቂት እንከን ሲገኝበት ባለቤቱ ለማሳከም ከመድከም ይልቅ ልጓሙን ፈትቶ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀን ሲኖትራክ፣ ሌሊት ጅብ ይጠብቀዋል። ከእንከኖቹ አንዱ የዓይን መጥፋት ነው፤ ስለ እሱ ብቻ ለመጻፍ የተነሣሁትም እኛው ቤት አንድ ዓይና ፈረስ ስላለ ነው።

ዳማችን ግራ ዓይኑን ያጣው በአንድ ጅምር ሕንፃ አጥር ነው፤ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ የነበረ የቆርቆሮ ጫፍ ብሌኑን ሰነጠቀው። ጨው አላምጠን እንድንተፋበት የመከሩን ጎረቤቶች ነበሩ። ይህ ልማድ የቆሰለን ዓይን ከማቃጠል በቀር ምንም አይፈይድም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የዓይን ቅባትም ቢሆን፣ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የብሌንን ቁስል ስለሚያባብስ፣ ሐኪም ሳያየው ሊቀባ አይገባም። የእንስሳት ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይተርፍ ካረጋገጠ በኋላ በማደንዘዣ አውጥቶ ቆቡን ሰፋው። ብዙዎች ይህን እንደ ጭካኔ ሲቆጥሩት እሰማለሁ፤ ነገር ግን ጭካኔ የሚባለው የሞተን ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ እያመረቀዘ እንዲኖር መተው ነው። ዛሬ ቦታው ፀጉር አብቅሎ፣ ለሚያየው ሰው የተጨፈነ ብቻ ይመስላል።

የፈረስ ዓይኖች እንደ ሰው ፊት ለፊት ሳይሆን በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ሁለቱ ተጋግዘው ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ዙሪያ ያሳዩታል። አንደኛው ሲጠፋ በዚያ ወገን ያለው ሁሉ ይጨልምበታል፤ ሁለቱ በጋራ ያዩት የነበረው የፊት ለፊት ክፍልም በአንድ ዓይን ብቻ ስለሚታይ ርቀትንና ጥልቀትን መገመት ይቸግረዋል። ዳማ ቦይ ሲያጋጥመው ቆም ይልና አንገቱን ዝቅ፣ ፊቱን ወደ ግራ ዞር አድርጎ በቀኝ ዓይኑ ከመረመረው በኋላ ይሻገራል። በዚህን ጊዜ ዛቡን ማላላት እንጂ መጎተት አይገባም። የግራ ጆሮው አያርፍም፤ በማያየው በኩል የሚመጣውን ሁሉ የሚጠብቀው በእሱ ነው።

ፈረስ ላይ በግራ በኩል መውጣት ልማዳችን ስለሆነ፣ ልጄ በቀኝ በኩል መውጣትን፣ ፈረሱም ይህንኑ መቀበልን እንደ አዲስ ተማሩ። በግራው የሚጠጋ ማንም ሰው አስቀድሞ ይናገራል፤ በክረምት በረዶ የጋጣውን ጣሪያ ሲደበድብ ግን ድምፅ ስለማይሰማው፣ እስኪያባራ ድረስ ማንም አይገባበትም። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እንዲሉ፣ ዋናው ጭንቀታችን የቀረችው ዓይን ናት። ድርቆሹን ከፍ ካለ ቦታ እየጎተተ ሲበላ ብናኙ ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባ፣ ውኃ አርከፍክፈን መሬት ላይ እናቀርብለታለን። በግንባሩ ላይ የሚወርደውን ጋማ አንቆርጥም፤ ከክረምት መውጫ ጀምሮ የሚበረክተውን ዝንብ የሚያባርርለት እሱ ነው። ዓይኗ ካነባች ወይም ከተጨፈነች በዚያው ቀን ሐኪም ያያታል።

በዚህ አያያዝ ዳማ ገብስ ወደ ወፍጮ ይጭናል፤ በውቂያም ጊዜ የለመዳት ባዝራ በግራው ከታሰረችለት አውድማውን ሳይደናበር ይዞራል። ጋሪ ግን አይጎትትም። «ይለምደዋል» የሚሉኝ ባለጋሪዎች አሉ፤ አልስማማም። በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ጋሪ የሚቀድም መኪና የሚመጣው በግራ ነው፤ ግራ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ አይሱዙው ጎኑ ደርሶ እስኪያልፈው ድረስ አያየውም፤ በጡሩምባው ደንግጦ ወዴት እንደሚዘል ደግሞ አይታወቅም። ቀኝ ዓይኑ የጠፋው በበኩሉ የመንገዱን ጠርዝና የቦዩን አፍ አያይም። የጋሪ ፈረሶች በጉንጫቸው ላይ የሚታሰርላቸው የቆዳ ግርዶሽ ሲታከልበት ያች አንዲት ዓይንም ትጋረዳለች። እንዲህ ያለው ፈረስ በርካሽ ስለሚገኝ ሥራውን ገና የሚጀምሩ ወጣቶች ይገዙታል፤ ሻጩም የታወረውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያቆም በገበያ ቀን አይቻለሁ። ስለዚህ ገዢ ፈረሱን ዙሪያውን ሳያይ፣ በሁለቱም በኩል እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ዓይኑ ሳያስጠጋ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

የትራንስፖርት ጉዳይ የሚመለከታቸው አካላት ለጋሪ ፈቃድ ሲሰጡ የጋሪውን ጎማ ብቻ ሳይሆን የፈረሱንም ዓይኖች ቢያስመረምሩ፣ ጸሐፊው ካነሡት አደጋ ጥቂቱ በቀነሰ ነበር። በከተማው ዳርቻ ቦታ የምታጥሩ ወገኖቼንም አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ፈረስና አህያ በሚያልፉበት በኩል የቆርቆሮውን ጫፍ በመዶሻ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ ሚስማሩንም አትርፋችሁ አትተዉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ