ተከሰሰ ማለት ወረደ ማለት አይደለም

ሂሩትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ስንት ጊዜ ሆነን ከተጠፋፋን! እኔ እዚህ ሜሪላንድ ደህና ነኝ፣ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ "ትራምፕ ሁለቴ ተከሶ እንዴት ሳይወርድ ቀረ?" ብለሽኝ ነበር። ጥያቄሽ ከልቤ አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢምፒችመንት ክስ ነው፤ ክሱን የሚመሠርተው 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ ከደገፉት ያልፋል። ግን ፕሬዚዳንቱ ያን ዕለትም ኋይት ሀውስ ነው የሚያድረው፤ ይሾማል፣ ይፈርማል፣ ጦሩን ያዛል። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ቀጥሎ ሴኔቱ ይፈርዳል። ሴናተሮቹ ምለው ይቀመጣሉ፣ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ሲሆን ችሎቱን የሚመራው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ነው፣ ከሳሾቹ ከምክር ቤቱ የተላኩ አባላት ናቸው። ለመፍረድ ከተገኙት ሴናተሮች ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው፤ 100ውም ካሉ 67 ማለት ነው። የሚፈረደውም ከሥልጣን መውረድና፣ ለብቻው ድምፅ ከተሰጠበት፣ ዳግመኛ ሹመት እንዳይዝ መከልከል እንጂ እስር የለበትም።

ሁሉም የሚያልቀው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 አንድሩ ጆንሰን የጦር ሚኒስትሩን ሕግ ጥሶ አባረረ ተብሎ ተከሰሰና 35 ለ19 ሆነ፤ አንድ ድምፅ ጎድሎ ተረፈ። ክሊንተንም በ1999 ነፃ ወጣ። ትራምፕ በ2021 ከራሱ ፓርቲ 7 ሴናተሮች ጭምር ፈርደውበት 57 ለ43 ሆነ፣ አልበቃም። ኒክሰን ደግሞ በ1974 መላው ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥ ራሱ ለቀቀ። እስከ ዛሬ በሴኔት ፍርድ የወረደ ፕሬዚዳንት የለም።

ሕዝብ የመረጠውን ሰው በቀላሉ ማውረድ እንደሌለባቸው አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ ግን ፈራጆቹ የፓርቲ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ማስረጃው ሳይሰማ ማን ምን ብሎ እንደሚመርጥ አስቀድሞ ይታወቃል። ለዚህ ነው የደቡብ ኮሪያን መንገድ የምወደው። እዚያ ፓርላማው በሁለት ሦስተኛ ከወሰነ ፕሬዚዳንቱ ወዲያው ከሥራ ይታገዳል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። በ2004 ሮ ሙ-ህዩንን ወደ ሥራው መለሰው፤ በ2017 ፓርክ ግዩን-ሄን፣ በ2025 ደግሞ በድንገት ወታደራዊ አስተዳደር ያወጀውን ዩን ሶክ-ዮልን አወረደ፤ ሁለቱንም 8 ለ0።

አንቺስ ምን ትያለሽ? ጻፊልኝ፣ እባክሽ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።