የማሙሽ ምሳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፊልኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጅ ሁለተኛ ጥርሱ ወለቀ፣ ትንሿ ደግሞ «እማማ መቼ ነው የምትመጣው» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች። የእነሱን ወሬ ብጽፍ ገጹ ይሞላል፤ ግን የደወልሽው የወንድሜን የማሙሽን የረዳት ሰዓት ስለሚቀንሰው ወረቀት ነውና እሱን ላስቀድም።

የማሙሽ ሰዓት ሊቀነስ ነው የሚል ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የምታይው ቅነሳው የሚጀምርበትን ቀን ነው። በሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑና ለአካል ጉዳተኞች መንግሥት በሚሸፍነው የጤና መድን፣ ደንብ ማስታወቂያው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። ቅነሳው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ይግባኝ ከጠየቅሽና አገልግሎቱ እንዲቀጥል ከጻፍሽ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ሰዓቱ አይነካም። ቀኑ ካለፈሽ ይግባኝ ማለት ቢቻልም ማሙሽ የሚጠብቀው በተቀነሰ ሰዓት ነው። ከተረታሽ በመሀል የተሰጠውን አገልግሎት ወጪ ሊጠይቁሽ እንደሚችሉም እወቂ፤ እኔ ግን እንደዚያም ሆኖ ጠይቂ እላለሁ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በስልክ ነው። አገልግሎቱን የምታስተባብረው ኮርዲኔተር «አጣርቼ እደውላለሁ» ትላለች፣ እናት ታምናለች፣ አሥሩ ቀን ያልቃል። የስልክ ወሬ መዝገብ ላይ የለም። በጽሑፍ ላኪ፣ የተላከበትን ማረጋገጫ ያዢ፣ ፖስታውንም አትጣይው፤ ማኅተሙ ላይ ቀን አለ።

«ታክሱ ጨመረ፣ እርዳታው ቀነሰ፣ ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?» ላልሽኝ፦ ሜሪላንድ በ2025 ወደ 3.3 ቢሊዮን ዶላር ጉድለት ነበረባት። ግማሽ ያህሉን በአዲስ ታክስና ክፍያ ሸፈኑት፣ የቀረውን ከአገልግሎት ቆረጡ። የመኪና ግዢ ታክሱ ከ6 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አለ፤ ለማሙሽ ዊልቸር የሚሆን የ20,000 ዶላር ቫን ብትገዢ 100 ዶላር ተጨማሪ ማለት ነው። የጭስ ምርመራውም ከ14 ወደ 30 ዶላር ገባ። እነዚህን መቃወምሽ ልክ ነው፤ ባለ ብዙ ሚሊዮኑም አንቺም እኩል ነው የምትከፍሉት። በዓመት ከ500,000 ዶላር በላይ በሚያገኙ ሰዎች ላይ የተጨመረው የገቢ ታክስ ግን አንቺን አይነካሽም፣ እኔም አልቃወመውም። በሕገ መንግሥቱ በጀቱ መመጣጠን አለበት። ዝም ብለሽ «ታክስ ቀንሱ» ካልሽ፣ መልሳቸው የማሙሽን ሰዓት መቁረጥ ይሆናል።

በ2025 ጃንዋሪ ገቨርነር ዌስ ሙር ያቀረቡት በጀት ከዲዲኤ፣ ማለትም የዕድገት እክል ያለባቸውን እንደ ማሙሽ ያሉ ሰዎች ከሚያግዘው የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ ላይ ከባድ ቅነሳ ነበረበት። ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በዊልቸር እየገፉ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ወጡ፤ የስቴቱ ምክር ቤት ከተቆረጠው ውስጥ የተወሰነውን መለሰ። ይህን ያደረገው የወላጆቹ ጩኸት ነው። ድሮ ሕግ አውጪዎቹ የገቨርነሩን በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችሉም ነበር። ሕዝቡ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ ያንን ቀይሮታል፤ ከጠቅላላው ድምር እስካላለፉ ድረስ ገንዘቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ስለዚህ «እጃችን ታስሯል» ቢሉሽ አትቀበይ። ደግሞም ስቴቱ ለዚህ አገልግሎት አንድ ዶላር ሲያወጣ ፌደራሉ አንድ ይጨምርበታል። አንድ ዶላር ለማትረፍ የሁለት ዶላር እንክብካቤ ይጠፋል። ይህቺን ነጥብ ለምክር ቤቱ በምትጽፊው ላይ አስገቢያት።

ምክር ቤቱ የሚከፈተው ሁልጊዜ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው፣ ገና ባለፈ በሳምንቱ ውስጥ። የሚቆየው 90 ቀን ብቻ ነው፣ በጀቱም እስከ 83ኛው ቀን ማለቅ አለበት። የየመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚሰማው በአብዛኛው በፌብሩዋሪ ነው፣ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ሰሞን። ለፋሲካ እናደርሳለን ካልን አልቋል። ለመናገር የሚመዘገቡበት ሰዓት አጭር ነው፤ እሱን እኔ ከድረ ገጹ ላይ እከታተላለሁ። 188ቱም የምክር ቤት አባላት ጋ መላክ ድካም ነው። የአንቺ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት)፣ እንዲሁም በጀቱን የሚያዩት የሁለቱ ኮሚቲ አባላት ይበቃሉ። ካንቺ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው፣ በአማርኛ። እኔ እተረጉመዋለሁ።

«ልጄ በጣም ይቸገራል» ብለሽ አትጻፊ። የምሳውን ሰዓት ጻፊ። ቀጥ አድርገሽ እንደምታስቀምጪው፣ አገጩን ወደ ደረቱ እንደምታስጠጊው፣ ውኃው ውስጥ ማወፈሪያ ዱቄት እንደምትበጠብጪ፣ አንዱን ማንኪያ ሳይውጥ ሌላውን እንደማታጎርሺው፣ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደማታስተኚው። ረዳቱ ሰዓት ተቀንሶበት ከተጣደፈ ትን ይለዋል፣ ምግቡ ሳንባው ይገባል፣ ከዚያ የሳንባ ምች፣ ከዚያ ሆስፒታል። አንድ ሳምንት ሆስፒታል መተኛቱ ስንት ወር የረዳት ደመወዝ እንደሚበላ እነሱ ያውቁታል።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እማዬ፣ ያንን የማሙሽን የትምህርት ቤት ወረቀትም እንዲሁ ብለሽ ነው የፈረምሽው። ክፍሉን ለወጡበት፣ ሦስት ዓመት ከመስኮት ሥር ተቀመጠ። እንግሊዝኛው ስላልገባሽ ብቻ አይደለም፤ አስነብቢኝ ብትይ እኔ እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም፣ ዛሬም ልወቅስሽ አይደለም የምጽፈው። ብቻዬን አትተይኝ ልልሽ ነው። አቤት ስላለ ብለው አገልግሎት መከልከል በሕግ አይፈቀድላቸውም።

ሌላም አለ፣ በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ አፌ ይያዛል። የማሙሽን ምሳ ከአንቺ በቀር በደንብ የሚያውቅ ሰው የለም። ጉልበትሽ ያመመሽ ጊዜ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማሙሽ ዓመታዊ የአገልግሎት ፕላን ላይ «እናት ብትታመም ወይም ባትኖር ማን ይተካል» የሚል ቦታ አለ። ባዶውን አትተይው፣ «ቤተሰብ» ብለሽም አትለፊው። የእኔን ስም ጻፊ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል።

ወረቀቱን ዛሬ ማታ በዋትስአፕ ላኪልኝ፣ ጀርባውንም ጨምረሽ። የይግባኙ አድራሻ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው።

ልጅሽ